ለምነው ሲተክሏት የምትሞት ጽጌረዳ

፩

ሦስተኛዋም ሞተች።

ደባልቄ ጣሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና ግንዷን በጥፍሩ ጫር አደረጋት። ከላይ ጥቁር፣ ከውስጥ ቡኒ። አሸተታት። የረጠበ ካልሲ ትሸታለች።

«ተኝታ ነው» አለ።

የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቤት ውስጥ ብቻውን ነው።


፪

ስለ ደባልቄ መታወቅ ያለበት

ደባልቄ ልብስ ሰፊ ነው። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ቁልቁለት በምትባለው ሰፈራችን ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሯል። ከዚህ ውስጥ ሃምሳ አንዱን ያወራው ስለ ተክል ነው።¹ ሱሪ ሊያሳጥር የሄደ ሰው፣ ሱሪው ሳያጥር ስለ ዳሊያ አበባ ሥር ተምሮ ይመለሳል። ቀሚስ ለማስጠበብ የገባች ሴት፣ የበግ ፍግና የዶሮ ፍግ ልዩነቱን ሳታውቅ አትወጣም።

«እኔ የመጥረጊያ እንጨት ብተክል ያቆጠቁጣል» ይላል። «አንድ ክረምት የሰርግ ድንኳን ካስማ በስሕተት አጠጥቼ፣ ካስማው ሥር ሰዶ፣ ድንኳኑን የሚነቅል ጠፍቶ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ፈጀ።»

ይህን እኔ አልጨመርኩበትም። እኔ የምጨምረው ሌላ ቦታ ነው፤ ስትደርስበት ታውቀዋለህ።

¹ የመጀመሪያውን ዓመት አፉን አልፈታም ነበር።


፫

እዚህ እንዴት እንደደረስን

የእትዬ ይመኙሻል ጽጌረዳ ቢጫ ናት። ቢጫ ስል ዝም ብሎ ቢጫ እንዳይመስልህ። በክረምቱ እኩሌታ ጉም ሰፈሩን ሲውጠው፣ ሰው ቤቱን የሚያገኘው በእሷ ነው፦ «ከቢጫዋ በስተግራ ሁለተኛው በር» እየተባለ። አንድ ሐምሌ ላይማ አውሮፕላን፣ ማረፊያ መስላው፣ ዝቅ ብሎ ዞሯታል።²

ያመጧት የእትዬ ሟች ባል ናቸው። የጭነት መኪና ረዳት ሳሉ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው አመጧት። ከየት እንዳመጧት ሲጠየቁ ያስላቸው ነበር። እትዬ ከድንጋይ አጥራቸው ሥር ተከሏት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉም አንዲት ቁራጭ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «ለዘር ቢሰጡኝ» ያለ ሁሉ «ሲዘንብ ና» ይባላል። ሲዘንብ የሄደ «ሲያባራ» ይባላል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም አሰመሩ። በአጥሩ ሥር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ። ጽጌረዳዋ ደግሞ ሥሯን ከድንጋዩ ጋር አጠላልፋለች፤ ልንቀላት ብትል አጥሩን ይዛ ትመጣለች።

እትዬ በቅሬው ስብሰባ ላይ አለቀሱ። (ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው።) «የሰውዬው ማስታወሻ ናት። እሷ ከሄደች በዚያ በር የምገባው ወዴት ነው?» አሉ። ሰፈሩ አንገቱን ደፋ። ይህን አንገት መድፋት ልብ በልልኝ።

ያኔ ደባልቄ ተነሣ።

«ነሐሴ መጨረሻ እሑድ፣ በዚህ ስብሰባ ፊት፣ ሥር የሰደደች ልጇን አቀርባለሁ! ካላቀረብኩ ስለ ተክል ሁለተኛ አፌን አልከፍትም!»

«ሁለተኛ?» አሉ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይማም፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ሁለተኛ።»

«ስለ ዳሊያም?»

«ስለ ዳሊያም።»

«ስለ ፍግም?»

ደባልቄ ምራቁን ዋጠ። «ስለ ፍግም።»

ጋሽ ይማም ወደ ጸሐፊው ዞረው «ጻፍ» አሉት። ጸሐፊው በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ ጽፎ አያውቅም።

² አሞራ ነበር።


፬

ቁራጭ አተካከል፣ ደባልቄ እንደሚያስተምረው
(ክረምት ነው፤ ሞክረው፤ ዝናብ የለም አትልም)

ሀ. እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ምረጥ። ቀጭን ይበሰብሳል፣ ወፍራም ይኮራል።

ለ. ከዓይኑ፣ ቅጠል ከሚያቆጠቁጥበት፣ ዝቅ ብለህ በሰያፍ ቁረጥ። ደባልቄ በልብስ መቀስ ነው የሚቆርጠው።

ሐ. ከላይ ሁለት ቅጠል አስቀርተህ ሌላውን ገንጥል። አበባ ካለበት አበባውንም። አዎ፣ ያሳዝናል።

መ. ታችኛውን ጫፍ እሬት ቀባው።

ሠ. ሥሩ የተበሳ ጣሳ፤ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ጥቁር አፈር። ትከል።

ረ. የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠህ ድፋባት።

ሰ. ጥላ ሥር አስቀምጥ።

ሸ. ሥር አወጣች ወይ ብለህ ሳብ አታድርጋት።

ቀ. ሳብ አደረግካት አይደል?


፭

እትዬ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርጠው የሰጡት ቁራጭ አሥራ ሁለት ነው። አንድ በአንድ እየሳሙ ነው የሰጡት። የእያንዳንዷ አሟሟት ደባልቄ እንደሚለው፦

1ኛ ጣሳ። ውሃ በዛባት።

2ኛ ጣሳ። ውሃ አነሳት።

3ኛ ጣሳ። ተኝታ ነው።

4ኛ ጣሳ። እሷም።

5ኛ ጣሳ። ዶሮ።

6ኛና 7ኛ። ሳብ ተደርገው።

8ኛ ጣሳ። የሰው ዓይን። ጋሽ ይማም በመስኮት አይተዋት «ማሻ አላህ» ሳይሉ አልፈዋል።

9ኛ ጣሳ። ቅጠል አወጣች! ደባልቄ ሰፈሩን ጠራ። አራት ሺህ ሰው መጣ።³ ቅጠሉ የአረም ነበር።

10ኛና 11ኛ። ሰው ሲስቅባት የደነገጠች ተክል አትጸድቅም።

12ኛ ጣሳ። ሐምሌ 10። ምክንያት አልሰጠም።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ምክንያት አጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ምክንያት አልሰጠም።

³ አራት። አንዷ ከነልጇ።


፮

በአጥር ቀዳዳ የተሰማ፤ ቃል በቃል
(ዘምዘም የደባልቄ የግድግዳ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ ናት።)

ዘምዘም፦ አንተ ደባልቄ! ዛሬስ ድምፅህ ጠፋ። መለማመድ ጀመርክ?

ደባልቄ፦ ሂጂ ወደዚያ።

ዘምዘም፦ አሥራ ሁለቱም?

ደባልቄ፦ አፈሩ ነው። ዘንድሮ አፈሩ ልቡ የለም።

ዘምዘም፦ አፈሩን ተወው። ቁራጮቹን እንዴት አገኘሃቸው?

ደባልቄ፦ እትዬ ሰጡኝ። ፈቅደው፣ መርቀው።

ዘምዘም፦ (ትስቃለች፤ ረጅም) መርቀው!

ደባልቄ፦ ምን ያስቅሻል?

ዘምዘም፦ አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ሰፈር ተለምኖ ጸድቆ የሚያውቅ አበባ አለ? ጽጌረዳ ተሰርቃ ነው የምትጸድቅ። የሰጡህ ዕለት ባለቤቷን ትናፍቃለች። የሰረቅካት ዕለት ግን መመለሻ እንደሌላት ታውቃለች፤ ሥሯን ትሰዳለች።

ደባልቄ፦ ይሄ የድሮ ሰው ወሬ ነው።

ዘምዘም፦ አሥራ ሁለት ጣሳ ሬሳ ታቅፈህ እኔን የድሮ ሰው ትለኛለህ?

ደባልቄ፦ ... አንቺ እንዴት አወቅሽ?

ዘምዘም፦ ወላሂ እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው ሲል ሰምቼ ነው። በል ወጥ አለብኝ።


፯

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምን ልጄ? ሌላ ቁራጭ ልስጥህ?»

«አይ! እንዳይሰጡኝ! ይከልክሉኝ።»

እትዬ ይመኙሻል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት። «ምን አልክ?»

«ልሰርቅዎት ነው። ግን ፈቅደውልኛል፤ ስለዚህ ስርቆት አይሆንልኝም። ፈቃድዎን ያንሱና ይቆጡኝ። ይስደቡኝ።»

«አንተን? ቀሚሴን በነፃ የምትጠቅምልኝን?»

«ይሞክሩ እትዬ። ለጽጌረዳዋ ሲሉ።»

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትከሻቸውን አቀኑ። ጣታቸውን ወደ አፍንጫው ቀሰሩ።

«አንተ...»

«እሺ፣ እሱ ጥሩ ነው።»

«አንተ... ከሲታ! ምሳ በልተሃል?»


፰

ነገሩ ቅሬው ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ይማም ሲያስቡበት ቆዩና፣ ክልከላ በጽሑፍ ካልሆነ ክልከላ አይባልም ብለው ፈረዱ።

የክልከላ ቃል

ከልካይ፦ ወ/ሮ ይመኙሻል አበጋዝ

ተከልካይ፦ ደባልቄ (ልብስ ሰፊው)

የተከለከለው ነገር፦ ቢጫ ጽጌረዳ፤ ቅርንጫፏ፣ ቅጠሏ፣ እሾኋም ጭምር

ክልከላው ከልብ ነው?
☐ ነው
☐ አይደለም
☒ እሞክራለሁ

ተከልካዩ ሲሰርቅ ቢያዝ የሚደርስበት፦ ~~ምሳ~~ ቁጣ

የከልካይ ፊርማ፦ (የጣት አሻራ፣ ቀለሙ በእንባ የፈሰሰ)


፱

ስርቆቱ የሚፈጸመው በእኩለ ቀን ነው፤ ዝናብ ሲወርድ። ያን ሰዓት ቁልቁለት ሰፈር በሩን ዘግቶ ቆሎ ይቆረጥማል።

ደባልቄ ኮቱን ተከናንቦ፣ መቀሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ በአጥሩ ሥር በእንብርክክ ሄደ። ዝናቡ ሰማይ ተቀዶ፣ ሰፊ አጥቶ የሚወርድ ዓይነት ነበር። ልቡ እንዲመታ ጠበቀ። አልመታም። «ሌባ ነኝ» ብሎ ለራሱ ነገረው። ልቡ አላመነውም።

ቅርንጫፏን ያዘ።

በሩ ገርበብ አለ።

«እሷን ተዋት፣ ደካማ ናት!» አሉ እትዬ ከውስጥ። «ዝቅ ብላ ያለችውን! ወደ ግራ!»

«እትዬ!»

«አላየሁህም! አላየሁህም ብያለሁ! ጃንጥላ ላውጣልህ?»


፲

13ኛ ጣሳ።

ጠበቀ።



ጠበቀ።



ሳብ አላደረገም።



ጠበቀ።





ጠቆረች።


፲፩

ሐምሌ 28 ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በረዶ ጣለ። እያንዳንዱ ጠጠር የዶሮ እንቁላል ያክላል።⁴ ደባልቄ የዘምዘምን መጋረጃ ዘምዝሞ ጨርሶ ሊያደርስላት ግቢዋ ገብቶ ነበር። ቢጣራ የሚመልስ የለም፤ ለቅሶ ሄዳለች። በረዶው ሲያይልበት ከማድ ቤቷ ጀርባ ተጠለለ።

እዚያ የተሰጣ አንሶላ አለ። በረዶ እየጣለ አንሶላ ያሰጣ ሰው ምን ይባላል? ረሳችው ይሆናል አለና ሊያነሣላት ገለጠው።

ቢጫ።

ቁመቷ እሱን ታክላለች። አሥራ አንድ አበባ፣ ሃያ እምቡጥ። ዓይኑን ጨፈነ። ገለጠ። አልሄደችም።

ያኔ ልቡ መታ። መታ ስል ከበሮ አይደለም፤ ጦሳ ተራራ ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች ቀና ብለው አይተዋል። ማንም አልፈቀደለትም። ማንም «ወደ ግራ» አላለውም። ከኪሱ የማይለየውን መቀስ አወጣ። እርሳስ የምታህለውን መረጠ። ከዓይኗ ዝቅ ብሎ ቆረጠ። እሾኋ እጅጌውን ይዞ ተረተረው።

የውጪው በር ሲጢጥ አለ።

«ማነው እሱ ግቢዬ ውስጥ?» አለች ዘምዘም።

ደባልቄ ቁራጯን በመጋረጃው ጠቅልሎ የኋላውን አጥር ዘለለ።

⁴ የሽንብራ። ግን ያማል።


፲፪

በኋላ በኩል ሲሸሽ ያለፈባቸው ጓሮዎች፣ በቅደም ተከተል፦

የጋሽ ይማም ጓሮ። ቢጫ ጽጌረዳ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ተከልላ።

የቅሬው ጸሐፊ ጓሮ። ቢጫ ጽጌረዳ፣ ከዶሮ ቤቱ ላይ። ዶሮዎቹ ተመችቷቸዋል።

ቀጥሎ ያለው ጓሮ። ቢጫ ጽጌረዳ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ለብሳ። ጆንያው የአበባ ቅርጽ አለው።

ከዚያ የሚቀጥለው። ሁለት ቢጫ ጽጌረዳ። ስግብግብ።

ከዚያ የሚቀጥለው ጓሮ የዚህ ጽሑፍ ባለቤት ጓሮ ነው። ማለፍ ይቻላል።


፲፫

ትጠይቀኛለህ፤ አውቃለሁ። «ጽጌረዳዋ በየጓሮው ካለች፣ እትዬ ሲያለቅሱ ለምን አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም?»

አንተ ብትሆን ትናገራለህ? በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ ዝናባማ እኩለ ቀን በዚያ አጥር ሥር ተንበርክከናል። እትዬ ፊት ቆሞ «የእኔ አብባለች» ማለት «ሌባ ነኝ» ማለት ነው። እንዲያውም እያንዳንዳችን ሰራቂው እኔ ብቻ ነኝ ብለን እናስብ ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የደባልቄ አፍ ሲዘጋ ማየት ያጓጓል።

እሱ ብቻ ነው ያልሰረቀው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ስለ ተክል ያወራ ሰው መስረቅ ያለበት አልመሰለውም።


፲፬

14ኛ ጣሳ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ከላይኛው ዓይኗ፣ ክብሪት ራስ የምታክል ቀይ ነገር።

በሃያኛው ቀን ቅጠል።

አረም አይደለም። አየሁት፤ አልጨመርኩም።

ደባልቄ ማንንም አልጠራም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አፉን በመዳፉ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ዘምዘም በአጥሩ በኩል «መጋረጃዬስ?» ስትለው «አላለቀም!» ብሎ ጮኸ።


፲፭

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እትዬ ይመኙሻል መጡ። ጣሳዋን አዩ። ወንበር ሳይጋበዙ ተቀመጡ።

«ጸድቃለች።»

«ጸድቃለች እትዬ! ነገ በቅሬው ፊት አቀርባታለሁ! ንግግርም አዘጋጅቻለሁ፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

እትዬ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «የሰጠሁህ አሥራ ሁለት፤ ሞቱ። የሰረቅከኝ አንድ፤ ሞተች ብለህ ራስህ ነገርከኝ። ይቺ የማን ናት?»

ደባልቄ አፉን ከፈተ። የዘምዘም አንሶላ ታየው። የጋሽ ይማም ቆርቆሮ ታየው። አፉን ዘጋ።

«የማን ናት ብየሃለሁ እኮ?»

«... የርስዎ ናት።»

«ታዲያ የኔ ከሆነች አምጣት፤ ክረምቱ ሳይወጣ ከጓሮ በኩል ልትከላት።»

«አልሰጥም።»

ይህን ሲል አልተጫወተም። ነገ የሚያሳየው ሌላ ምን አለው? ጣሳዋን አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፋት። «ከነገ በፊት አይሆንም። ከነገ በኋላም ትንሽ እዚህ ትቆይ፤ ሰው ይጎበኛታል። ዕቁቡ አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ...»

«ደባልቄ!»

«አልሰጥም እትዬ!»

የእትዬ ፊት ቀላ። ጣታቸው አፍንጫው ላይ ተቀሰረ፤ በዚህኛው ጊዜ ምሳ አልጠየቁትም። «አንተ ጉረኛ! አንተ የሰው ንብረት ታቃፊ! ባሌ በእርጥብ ጋዜጣ ያመጣትን! እባክህ ብዬ ስለም...»

አቋረጡ።

«እባክህ» የሚለውን ቃል ከአየር ላይ መልሰው የዋጡት መሰሉ። ነጠላቸውን አጣፉ። መስኮቱን አዩ፤ መቀርቀሪያ የለውም። ሰማዩን አዩ፤ ከጦሳ በኩል ጠቁሯል።

«እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ተወው። አልለምንህም።»

ወጡ።


፲፮

ስድስት ሰዓት ላይ ዘነበ፤ ደባልቄ ቆሎ ሊቆላ ጓዳ ገባ።




፲፯

መስኮቱ ላይ፦ ክብ የውሃ ምልክት፣ ጣሳ የሚያክል።

መሬቱ ላይ፦ ጭቃ፣ የፕላስቲክ ጫማ ቁጥር ሠላሳ ስድስት።

ደባልቄ ክቡን በጣቱ ተከተለ። ሊጮኽ አስቦ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ገባው። ይቺ በእውነት የተሰረቀች ናት። እሱ ከልቡ ከልክሎ፣ እሳቸው ከልባቸው ፈርተው። እሳቸው በተከሏት ቦታ ቦይ ሳይሆን ጎርፍ፣ ጎርፍ ሳይሆን ባሕር ቢያልፍባት አትነቀልም።


፲፰

እሑድ። የነሐሴ መጨረሻ። ቅሬው ሞልቷል፤ ዘጠኝ መቶ ሰው።⁵

ጋሽ ይማም መዝገቡን ገለጡ። «ደባልቄ፣ ቃልህ እዚህ አለ። ጸደቀች?»

ደባልቄ ባዶ እጁን ተነሣ።

እትዬ ይመኙሻል የፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። ጣሪያውን እያዩ ነው። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር አፈር አለ፤ መዳፋቸው ላይ ሦስት የእሾህ ጭረት።

«ጸደቀች» ካለ፣ ጋሽ ይማም «አምጣት» ይላሉ። «ተሰረቀች» ካለ፣ ማን ሰረቀ ይባላል፤ ጓሮ ለጓሮ ፍተሻ ይወጣል፤ አንሶላው ይገለጣል፣ ቆርቆሮው ይነሣል፣ ጆንያው ይወልቃል። ዘምዘም ደርቃለች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ከቷል። ይህን የሚጽፈው ሰው ጫማውን እያየ ነው።

«አልጸደቀችም» ካለ ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ እስኪሞት ስለ ዳሊያ አይናገርም። ስለ እሬት አይናገርም። ስለ ፍግ አይናገርም። በዓለም ላይ ከበቀሉት ሁሉ አንደኛዋን ያጸደቀ ሰው፣ ሱሪ ብቻ ያሳጥራል።

«ደባልቄ?» አሉ ጋሽ ይማም። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የልመና ነበር።

እትዬ ዓይናቸውን ከጣሪያው አውርደው አዩት።

ደባልቄ ኮቱን አቀና። እጅጌው ላይ ያለውን ትርትር በሌላው እጁ ሸፈነ። ሃምሳ አንድ ዓመት ያላረፈውን አፉን ከፍቶ እንዲህ አለ፦

⁵ ስድሳ ሁለት። ግን ዝምታው የዘጠኝ መቶ ሰው ነበር።


፲፱

(እዚህ እኔ አልጨምርም። አንተ ሙላው።)

«____________________________________